በካብስ ግድግዳ ላይ የተጻፈው የአባቴ ስም

አባቴ ስታሲስ ግሪጋስ በሰባ ስምንት ዓመት ዕድሜው አንድም ቀን የሰሜን ቺካጎው የቤዝቦል ቡድን የካብስ ደጋፊ ሆኖ አያውቅም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው በከንቱ አይደለም። በኖቬምበር 2016 ካብስ ከመቶ ስምንት ዓመት በኋላ የቤዝቦል ዋንጫ ባነሣ በሦስተኛው ቀን፣ የአባቴ ስም በሜዳቸው የጡብ ግድግዳ ላይ በነጭ ጠመኔ ተጽፎ ተገኝቷል። የጻፈችው የገዛ እኅቴ ናት። ከስሙ ሥር የጨመረችው ዐረፍተ ነገር ለምን እንዳንገበገበኝ እንዲገባችሁ በመጀመሪያ አባቴ ማን እንደነበረ ልንገራችሁ።

የተወለደው በቺካጎ ደቡብ፣ ብሪጅፖርት ውስጥ፣ ከደቡቡ ቡድን ከዋይት ሶክስ ሜዳ ስድስት መንገድ ርቆ ነው። እዚያው አደገ፤ እዚያው አገባ፤ እኔንና እኅቴን ዳኑቴን እዚያው ወለደ። አያቴ ፕራናስ ከሊትዌኒያ በ1923 መጥቶ ከብት ማረጃው ውስጥ ሲሠራ ኖረ። ሶክስ ዋንጫ ያነሣው እሱ ከመምጣቱ በፊት በ1917 ነበር፤ አያቴ ያረፈው በ1974 ነው። ሃምሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሜዳው አፍ ላይ ኖሮ አንድ ዋንጫ ሳያይ ሞተ። እንዲህ ያለውን ሰው አስታውሶ ያለቀሰ ጋዜጣ እስከ ዛሬ አላየሁም። ለካብስ ሽማግሌዎች ግን ሲለቀስ ነው የኖረው።

የአባቴ ሥራ የቆየ የጡብ ግድግዳ መጠገን ነበር። በጡብና በጡብ መካከል የረገፈውን ይፍቃል፤ አዲሱን ይሞላል፤ ቀጥ ያለ መሥመር እስኪሆን በቀጭን ብረት ያለሰልሳል። አንድ በጋ ከካብስ ሜዳ ፊት ለፊት ያለ ሕንፃ ሲጠግን ከረመ። መወጣጫው ላይ ሆኖ የሶክስን ጨዋታ በሬዲዮ እስከ ጥግ ከፍቶ ያሰማቸው ነበር። ስለ ሜዳቸው ግድግዳ ሲጠየቅ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጡቡ ደኅና ነው። ያሳፈሩት ውስጥ ያሉት ናቸው።»

ከሥራው ሌላ አንድ ልማድ ነበረው። ከ1959 ጀምሮ የሶክስን ጨዋታ ሁሉ፣ ሜዳ ሄዶም ሆነ በሬዲዮ ሰምቶ፣ በደብተር ይመዘግባል። እያንዳንዱ መቺ ምን እንዳደረገ፣ ኳሱን ማን እንደያዘው፣ ማን እንደሳተው በየዙሩ በትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ ይጽፋል። በዓመት አንድ ደብተር። በእኛ ሰፈር እንዲህ የሚመዘግብ ሰው ብዙ ነበር፤ ግን ሁሉም በእርሳስ ነው። አባቴ ብቻ በእስክሪብቶ ነበር።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ አንድ ጨዋታ ለብቻዬ እንድመዘግብ ፈቀደልኝ። በሦስተኛው ዙር ተሳሳትኩ። እሱ ውኃ ሊጠጣ ሲነሣ ምላጭ አምጥቼ የተሳሳተውን ከወረቀቱ ላይ ፋቅሁት። ተመልሶ ገጹን ወደ መስኮቱ አዞረና ብርሃን ላይ አየው። ሳሳ ያለው ቦታ አጋለጠኝ።

«ምንድን ነው ያጠፋሽው?»

«ስህተቱን ነዋ፣ አባዬ።»

«ስህተቱ አልጠፋም። የጠፋው መሳሳትሽ ነው። ሁለተኛ እንዳትፍቂ። አንድ መሥመር አስምሪበት፤ የተጻፈው ይነበብ። ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፊ። ከዚያ ስምሽን አኑሪ፤ ማን እንዳረመው ይታወቅ።»

ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ በካውንቲው የልደትና የሞት መዝገብ ክፍል ተቀጥሬ፣ በመጀመሪያው ቀን የነገሩኝ ደንብ ከዚህ በአንድ ቃል አይለይም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁት በዚያ ደንብ ነው።

አሁን ወደ ንዴቴ ልመለስ።

በዚህች ከተማ ሁለት ቡድን አለ። ይህን መጻፍ የሚያስፈልገኝ ሰው ስለረሳው ነው። ሶክስ በ2005 ዋንጫውን አነሣ። ከሰማንያ ስምንት ዓመት በኋላ! አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ፣ የመጨረሻውን አንድ ለባዶ። በማግሥቱ አባቴን በመኪናዬ ወደ አያቴ መቃብር ወሰድኩት። ደብተር ቁጥር አርባ ሰባትን ይዞ ድንጋዩ ፊት ቆመና ያን ጨዋታ ከመጀመሪያው ዙር እስከ ዘጠነኛው በሊትዌንኛ አነበበው። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ማን እንደመታ፣ ማን እንደያዘ፣ አንድም ሣጥን አልዘለለም። ሲጨርስ ደብተሩን ዘጋና «በቃ፣ ሰምተሃል» አለው። አላለቀሰም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ለሞተ ሰው እንዲህ ነው የሚነገረው፤ መቃብሩ ድረስ ሄዶ፣ ዝርዝሩን ይዞ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ካብስ ሲያሸንፍ ግን የሬዲዮው ሰው «ቺካጎ በመጨረሻ ዋንጫዋን አየች!» ብሎ ጮኸ። በመጨረሻ? አያቴ መቃብር ላይ የተነበበው ምን ነበር? ቢሮ ውስጥ አንዲት ባልደረባዬ፣ እዚሁ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ «ይቺ ከተማ ከ1908 ወዲህ በቤዝቦል ደስ ብሏት አያውቅም» አለችኝ፤ አለማፈሯ! ስለ 2005 ስነግራት «አዎ፣ ልክ ነሽ፤ ግን እሱ ሌላ ነው» አለች። ምኑ ነው ሌላ? ዋንጫው አንድ ዓይነት ነው። የተጠበቀው ዓመት በሃያ ያንሳል፤ በቃ።

ልዩነቱን አባቴ ያውቀው ነበር። «እኛ ስንሸነፍ አፍረን ቤታችን እንገባለን፤ እነሱ ሲሸነፉ ዘፈን ያወጡለታል» ይል ነበር። መሸነፋቸውን ጌጥ አደረጉት። የዚያን ሁሉ ዓመት ድክመታቸውን ደግሞ በአንዲት ፍየል ላይ አላከኩ፤ ፍየሏን ይዞ የመጣ ሰው ከሜዳ ስለተባረረ ረግሞን ነው ይላሉ። የእኛ ሰዎች በ1919 ገንዘብ ተቀብለው ጨዋታ ሸጠው ተዋርደዋል፤ ውርደቱም የእኛ ነው፤ ሰማንያ ስድስት ዓመት ተቀጥተንበታል። በፍየል አላሳበብንም።

አባቴ በመጨረሻው ዓመት ደረጃ መውጣት ስላቃተው በማርች ወር ዳኑቴ ቤት ገባ። የእሷ ባል ሮይ ሊንድ ደግ ሰው ነው፤ ግን ከሰሜን ነው። መስኮታቸው ላይ ካብስ ባሸነፈ ቁጥር የሚሰቀል ነጭ ባንዲራ አለ። የዚያን ዓመት ደግሞ ባንዲራው ከመስኮቱ የወረደበት ቀን ጥቂት ነው። አባቴ ወንበሩን ጀርባውን ለባንዲራው አዙሮ፣ ጥቁሯን የሶክስ ቆብ ደፍቶ፣ ሬዲዮውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ደብተር ቁጥር ሃምሳ ስምንትን ይሞላ ነበር። ሮይ «አባባ፣ ዛሬስ ማን አሸነፈ?» ሲለው «ባንዲራህን አንሣና መስኮቱ ብርሃን ያስገባ» ይለዋል። ኦገስት 9 ቀን አረፈ።

እንግዲህ ካብስ ዋንጫውን ባነሣ ማግሥት ብሪጅፖርት ያለው መጠጥ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ጋሽ ኢግናስ፣ የአባቴ የሥራ ባልደረባ፣ እንደ ወትሮው ጥጉን ይዞ ተቀምጧል።

«ነይ ቁጭ በይ፣ ቢሩቴ» አለኝ። «ያ ጥቁር ልብስ ለአባትሽ ነው ወይስ ለካብስ?»

«ጋሼ፣ እባክህ ተወኝ።»

«እኔማ ስታሲስን አሰብኩት። ታድሎ! ሦስት ወር ቀድሞ ሄደ። ይህን ጉድ ሳያይ።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ ስለ እሱ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር። አባቴን የማያውቅ እዚያ ቤት አልነበረም፤ ማን እንደነበረም የሚጠራጠር አልነበረም።

ቅዳሜ ዳኑቴ ደወለች።

«አየሽው?» አለችኝ ገና ሳነሣው።

«ምኑን?»

«ፎቶውን ነዋ! አሁን ላክሁልሽ። አባዬን ጻፍኩት! ክፍት ቦታ እስካገኝ ሁለት ሰዓት ዞሬያለሁ።»

ሰዉ የካብስን ሜዳ ግድግዳ በጠመኔ እየሞላው እንደሆነ ሰምቻለሁ። ይህን ቀን ሳያዩ የሞቱባቸውን ዘመዶች ስም ነው የሚጽፉት። ፎቶውን ከፈትኩ። «ስታሲስ ግሪጋስ፣ 1938–2016። አባዬ፣ ቀናችን ደረሰ!» ይላል።

«ዳኑቴ፣ የተወለደው በሠላሳ ሰባት ነው» አልኳት።

«ምን?»

«ዲሴምበር 1937። የልደት ወረቀቱ እኔ ጋ አለ።»

«እሺ፣ ዓመቱን ተሳሳትኩ። ሌላ የምትዪው የለሽም?»

«አለኝ። የማን ቀን ነው የደረሰው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የማን ቀን ነው የደረሰው ነው የምልሽ? የአባዬ ቀን የደረሰው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። እኔ ነኝ መቃብር ድረስ የወሰድኩት። አንቺም ሮይም ያን ጊዜ ስልክ እንኳ አልደወላችሁም።»

«ጀመረሽ ደግሞ።»

«አልጀመረኝም። በአባቴ ስም ውሸት ተጽፏል!»

«ቢሩቴ፣ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ የሞተበትን ይጽፋል። አንዱ አያቱን፣ አንዷ ባሏን። እኔ ከሞተብኝ ሦስት ወር አልሞላኝም። በራፌ ላይ ይህ ሁሉ ሲሆን እጄን አጣጥፌ ልይ?»

«ሮይ ለአባቱ ይጻፍ። የሮይ አባት የካብስ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማረው።»

«አባዬም እኮ በመጨረሻ ወዷቸው ነበር።»

እዚህ ላይ ተነሥቼ ቆምኩ። «በምን ታውቂያለሽ?»

«ሲያጨበጭብ አይቼዋለኋ! በገዛ ዓይኔ። እዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ለካብስ አጨበጨበ።»

«መቼ?»

«እኔ እንዳንቺ ቀን አልመዘግብም። በጁላይ ነው፤ ከሶክስ ጋር ሲጫወቱ።»

«ነገ ሄጄ አጠፋዋለሁ።»

«አጥፊዋ! አጥፊውና ከዚያ ወዲያ እኅት አለችኝ እንዳትዪ» ብላ ዘጋችው።

እኔና ዳኑቴ ከአባቴ በቀር የቀረን ሰው የለም፤ እሱም የለም። ይህን እያወቅሁ ነው መልሼ ያልደወልኩላት። በሥራዬ ሰው ሲያለቅስ ብዙ አያለሁ። ያለቀሰ ሁሉ ግን መዝገብ ይቀየርልኝ አይልም። ኀዘን ለማንም ሰው አባቱን ከሞተ በኋላ ቡድን የማስቀየር መብት አይሰጠውም።

ቢሆንም ምስክር ሲጠራ መዝገቡን ማየት ግዴታዬ ነው። ደብተሮቹን አወጣሁ። ሁለቱ ቡድኖች እርስ በርስ ለነጥብ መጫወት የጀመሩት በ1997 ስለሆነ የማየው ሃያውን ብቻ ነበር። የመጨረሻውን ከፈትኩ። በጁላይ መጨረሻ ሁለቱ ቡድኖች አራት ጊዜ ተጫውተዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እኛ አሸንፈናል፤ ሁለተኛውን ሦስት ለባዶ። ያጨበጨበው ለዚህ ነው አልኩና ልዘጋው ነበር። ግን ገጹን ገለጥኩ። በሦስተኛው ጨዋታ ስምንት ለአንድ ደብድበውናል። በአምስተኛው ዙር፣ የእኛ መቺ የመታውን ኳስ የካብስ ተከላካይ በያዘበት ሣጥን ውስጥ፣ ከቁጥሩ አጠገብ አንዲት የቃለ አጋኖ ምልክት አለች።

አባቴ ይህችን ምልክት የሚያደርገው ሰው የማይያዝ ኳስ ሲይዝ ብቻ ነው። ለራሳችንም ልጆች በዓመት አሥር ብታገኙ ነው። ሌሎቹን አሥራ ዘጠኝ ደብተሮች ሁሉ አገላበጥኩ። ከሃያ ዓመት ውስጥ ለካብስ ተጫዋች የተደረገች ሌላ አንዲትም የለች።

ደብተሩ ላይ ብዙ ቆየሁ። የመጨረሻዎቹ ገጾች መሥመራቸው ያዘነበለ ነው፤ ያ እድሜውን ሙሉ ጡብ ቀጥ አድርጎ የኖረ እጅ። ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ነው።

እንግዲህ ዳኑቴ ያየችው እውነት ሊሆን ይችላል። ይህን እጽፋለሁ፤ አልደብቀውም። ግን ጥሩ ኳስ ለያዘ ሰው ማጨብጨብ ሌላ ነው፤ «ቀናችን ደረሰ» ማለት ሌላ ነው። ንዴቴ ይልቅ ባሰበት። ለአንድ ኳስ የሰጠውን ፍርድ ወስደው የዕድሜ ልክ እምነቱ አደረጉት።

እሑድ ጠዋት ስፖንጅና አንድ ጠርሙስ ውኃ በቦርሳዬ ይዤ በባቡር ወደ ሰሜን ሄድኩ። ፉርጎው ሰማያዊ ቆብ በደፋ ሰው ተሞልቷል። ግማሾቹ ቆቦች ዋጋቸው የተለጠፈበት ወረቀት እንኳ አልተነሣላቸውም። መቶ ስምንት ዓመት የጠበቁት እነዚህ ናቸው!

ግድግዳው ከጠበቅሁት በላይ ሆነብኝ። ከእግር እስከ ሰው ቁመት፣ ከዚያም በላይ በወንበር ቆመው የደረሱበት ድረስ፣ ስም በስም ላይ ነው። በሥራዬ ብዙ የሙታን ዝርዝር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥርዓት የሌለው ግን አላየሁም። ዓመት የለው፣ የአባት ስም የለው። «አጎቴ ቡድ» ይላል፤ የትኛው ቡድ? ፊት ለፊቱ ግን አንድ ትልቅ ሰውዬ ግንባሩን ጡቡ ላይ ደግፎ ቆሟል። አልፌው ሄድኩ።

የአባቴን ስም ያገኘሁት በር አጠገብ ነው። ከሥሩ አንዲት አሮጊት በታጣፊ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ የጠመኔ ካርቶን አለ።

«ቦታ ፈልገሽ ነው፣ ልጄ? ከእኔ ባል በስተግራ ትንሽ አለ» አሉኝ። «ኤልመር ቦታ አያጣብብም፤ ቀጭን ነበር።»

«አይ፣ እማማ። የተጻፈ ለማጥፋት ነው የመጣሁት።»

«የማንን?»

«የአባቴን።» አሳየኋቸው።

«ምነው? ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም። የሶክስ ሰው ነበር።»

«ውይ በሞትኩት!» ብለው አፋቸውን ያዙ፤ ቀጥሎም እስኪንፈቀፈቁ ሳቁ። «ምስኪን! ታዲያ እዚህ ምን አመጣው?»

«እኅቴ።»

«አይ እኅት! እናንተ ግን ዋንጫ አላገኛችሁም እንዴ? መቼ ነበር እሱ...»

«በ2005።»

«እውነትሽን ነው? እኔ እኮ ጨርሶ ረስቼዋለሁ።»

ጨርሰው ረስተውታል። በፊቴ፣ በአባቴ ስም ሥር ተቀምጠው! «ሰማንያ ስምንት ዓመት ጠብቀን ነው ያገኘነው» አልኳቸው።

«እኛ መቶ ስምንት።»

«ውድድር አይደለም፣ እማማ።»

«ነው እንጂ! ቤዝቦል እኮ ነው፣ ልጄ።»

ስፖንጁን አረጠብኩና እጄን አነሣሁ። እንዲህ ቀርቤ ሳየው የዳኑቴ እጅ ጽሑፍ የአባቴን ይመስላል። የቤተሰባችንን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጅራቱን ወደ ግራ መልሳ ነው የምትጽፈው፤ ልክ እንደ እሱ። ውኃው ከስፖንጁ እየተንጠባጠበ በክንዴ ወረደ። ደብተሩን ወደ መስኮቱ ሲያዞረው ታየኝ። ይህን ጡብ አጥቤ ብሄድ ነጣ ያለ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ እዚያ ምን እንደነበረ፣ ማን እንደተሳሳተ፣ ማን እንዳረመ የሚያውቅ አይኖርም። ስህተቱ አይጠፋም፤ የሚጠፋው የዳኑቴ መሳሳት ነው። ከሱ ጋር ደግሞ ስሙ።

ስፖንጁን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«እማማ፣ አንድ ጠመኔ ያበድሩኝ።»

«እሰይ!»

«እሰይ አይበሉ፤ ያልኩትን ነው የምጽፈው።»

1938 ላይ አንድ መሥመር አሰመርኩና ከጎኑ 1937 ብዬ ጻፍኩ። «አባዬ፣ ቀናችን ደረሰ!» የሚለው ላይ አንድ መሥመር አሰመርኩ፤ እንዲነበብ አድርጌ። ከሥሩ «የሶክስ ሰው ነበር። ቀኑ የደረሰው በ2005 ነው» ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን አስገባሁ። የስሜንና የቤተሰቤን ስም የመጀመሪያ ፊደላት አኖርኩ።

ከኋላዬ አንድ ወጣት አነበበውና «ኧረ ሶክሶች እዚህ ምን ይሠራሉ!» ብሎ ጮኸ። ሁለት ሦስት ሰው አጉረመረመ።

«ዝም በል አንተ!» አሉት አሮጊቷ። «አባቷ ነው። አንተ ትናንት ነው ቆቡን የገዛኸው።»

ወጣቱ ቆቡን ዳሰሰ። በዚህ መካከል ነው ዳኑቴ የመጣችው። ቤቷ ከሜዳው አራት መንገድ ነው፤ ከጠዋት ጀምራ ስትጠብቀኝ ነበር መሰለኝ። ኮቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ፣ ፀጉሯን ሳታበጥር፣ እየሮጠች ደረሰች። በመጀመሪያ እጄን አየች፣ ቀጥሎ ግድግዳውን።

«ስሙ አለ» አለች እያለከለከች።

«ስሙ ልክ ነው። ልክ የሆነ አይነካም።»

ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «ደግሞ ፈረመችበት!» አለች ለአሮጊቷ። «ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት። የልደት ኬክ ላይ ስሜ ተሳስቶ ሲጻፍ ክሬሙ ላይ አርማዋለች።»

«ተሳስቶ ነበራ» አልኩ።

«እና ጭብጨባውስ? እሱን ዋሽታ ነው ትያለሽ።»

ያየሁትን አለመናገር እችል ነበር። ደብተሩ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው።

«ደብተሩን አየሁት» አልኳት። «ጁላይ ሃያ ሰባት። አምስተኛው ዙር። አንድ ቃለ አጋኖ አድርጓል።»

«ለካብስ?»

«ለካብስ ተጫዋች። ለአንድ ኳስ።»

«አላልኩሽም!» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። «አላልኩሽም፣ ቢሩቴ! ወንበሩ ላይ ቀና አለ እኮ። ሬዲዮው ከጉልበቱ ወደቀ። "ይሄ ልጅ ኳስ ያውቃል" አለ። እኔ ነኝ ሬዲዮውን ያነሣሁለት።»

ይህን ደብተሩ አይለውም። የሬዲዮውን መውደቅ፣ ቀና ማለቱን የጻፈ የለም። ያየችው እሷ ብቻ ናት፤ እኔ ያን ቀን ቢሮ ነበርኩ። ይህን ሳስብ የተናደድኩት በማን እንደሆነ ለጊዜው ጠፋኝ።

«ለአንድ ኳስ ነው፣ ዳኑቴ።»

«ይጻፋ ታዲያ! ሁሉ ነገር ይመዝገብ የምትዪው አንቺ አይደለሽ?»

ጠመኔውን ሰጠኋት።

«አንድ ብቻ» አልኳት።

«አንድ ብቻ» አለች። ከስሙ ቀጥሎ አንዲት የቃለ አጋኖ ምልክት አደረገች፤ ከሥሯም የራሷን ሁለት ፊደላት አኖረች። ከዚያ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣለችና አለቀሰች። እኔም። አሮጊቷ ጠመኔያቸውን እስክንመልስላቸው ድረስ ሌላ ቦታ ሲያዩ ቆዩ።

የተጻፈውን እንዳለ፣ ከነመሥመሮቹ፣ በደብተር ቁጥር ሃምሳ ስምንት የመጀመሪያ ባዶ ገጽ ላይ ገልብጬዋለሁ። ግድግዳው ከዚያ ወዲህ ታጥቧል።

ዳኑቴ ምሳ ብይ ብላኝ ነበር፤ ባንዲራው ከመስኮቱ ሳይወርድ እዚያ ቤት አልበላም አልኳት። «እንግዲያው ለገና ነይ» አለች። ባቡር ውስጥ ጎኔ የተቀመጠ ሰውዬ ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል። እጅጌዬ ላይ ያለውን ነጭ ጠመኔ አየና ፊቱ በራ።

«እንኳን ደስ ያለን፣ እኅቴ! አንቺም ጽፈሽ ነው?»

«አርሜ ነው» አልኩት። «እኔ የሶክስ ነኝ።»

«ግድ የለም!» አለ ትከሻዬን መታ እያደረገ። «ዛሬ ሁላችንም ካብስ ነን።»

ሁላችንም! በዚያች ሰዓት የነበረኝን ውኃ ሁሉ በላዩ ላይ አለማፍሰሴ አስተዳደጌ ነው። ባቡሩ ወደ ደቡብ በሄደ ቁጥር ሰማያዊዎቹ በየጣቢያው እየወረዱ አለቁ። ሠላሳ አምስተኛው መንገድ፣ የሶክስ ሜዳ ያለበት ጣቢያ ላይ ስንደርስ፣ ከዚያ ፉርጎ የወረድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።